ስስ አየር ላይ ፈጣን ግላይደር፦ ደሴ ላይ ለወጣቶች የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ? ሰላም ለሁላችሁ ይሁን፤ አሰላሙ ዓለይኩም። ሐረጎን ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የመጣችሁ፣ ከሐይቅና ከኩታበር የመጣችሁ፣ እዚሁ ከፒያሳና ከአራዳ በእግራችሁ የመጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የተገኛችሁ እናቶችና አባቶችም እግዜር ይስጥልን።

ዛሬ የምንነጋገረው ሞተር ስለሌለው ትንሽ አውሮፕላን፣ ስለ ግላይደር ነው። በሪሞት ይመራል፤ ተራራ ላይ የሚመታውን ነፋስ ብቻ ይዞ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይበራል። ሞተር የለውም፤ ፕሮፔለር የለውም። ውስጡ ያለው ባትሪ ከሪሞቱ ትእዛዝ የሚቀበለውን ሪሲቨርና የክንፉንና የጭራውን መቅዘፊያዎች የሚገፉትን ሰርቮዎች ከማንቀሳቀስ ሌላ ሥራ የለውም። ታዲያ በምን ይበራል?

መልሱን በየቀኑ ከራሳችሁ በላይ ታዩታላችሁ። አሞራ በገደል አፋፍ ክንፉን ዘርግቶ፣ አንዴም ሳያራግብ፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲንሳፈፍ ያላየ የደሴ ልጅ አለ? የለም። ነፋስ ሜዳውን አቋርጦ መጥቶ ተራራ ሲያጋጥመው መሄጃ ያጣና ወደ ላይ ይታጠፋል። ግላይደሩ ባለበት አየር ውስጥ ሁልጊዜ ቁልቁል እየወረደ ነው። አየሩ ግን እሱ ከሚወርድበት ፍጥነት በላይ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ከመሬት ሆነን ስናየው ይወጣል። አሞራውም በዚሁ ነው የሚንሳፈፈው።

ስለ ነፋሱና ስለ ቦታው፣ ስለ ግላይደሩ፣ ስለ አበራረሩ፣ በመጨረሻም ስለ ማሳረፍ እናገራለሁ። ማሳረፉን በሰፊው ነው የምይዘው፤ ግላይደር የሚሰበረው አየር ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነውና።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አደራ። በየመጽሐፉና በየቪዲዮው የምታገኙት ቁጥር አብዛኛው የተጻፈው በባሕር ጠረፍ ለሚገኙ ገደሎች ነው። የጠረፍ ቁጥር ለደሴ አይሠራም። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላችኋለሁ፦ የጠረፍ ቁጥር ለደሴ አይሠራም!

ለምን? ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በባሕር ወለል አንድ ሜትር ኩብ አየር በመደበኛ ሁኔታ 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ደሴ ላይ ሙቀቱ 25 ዲግሪ በደረሰበት ቀትር ያው አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.87 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ የጠረፉ 71 በመቶ ማለት ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ትንሽ ትሻላለች፤ ግን እሷም ሞቃት ናትና በ28 ዲግሪ ቀን 77 በመቶ ገደማ ላይ ትቆማለች። አየሩ ስስ ነው። ክንፍ ደግሞ የሚሸከመው በአየሩ እፍጋትና በፍጥነቱ ካሬ ነው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፍጥነቱ መጨመር አለበት።

በቁጥር ላሳያችሁ። ክብደቱ 1.6 ኪሎ፣ የክንፉ ስፋት 40 ዴሲ ሜትር ካሬ የሆነ ግላይደር እንውሰድ። በእያንዳንዱ ዴሲ ሜትር ካሬ ላይ 40 ግራም ያርፋል። ጠረፍ ላይ ይህ ግላይደር ስቶል የሚያደርገው፣ ማለትም ክንፉ መሸከሙን የሚተወው፣ በሴኮንድ 8 ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ላይ በቀትር 9.5 ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል? መሬት ሲነካ የሚመታበት ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ በ40 በመቶ ይበልጣል። ጠረፍ ላይ ተንሸራቶ የሚቆመው እዚህ አፍንጫውን የሚሰብረው በዚህ ነው።

ሌላም አለው። ግላይደሩ በስስ አየር ውስጥ ቁልቁል የሚወርድበት ፍጥነትም በዚያው መጠን ይጨምራል። ስለዚህ ጠረፍ ላይ በሴኮንድ 5 ሜትር ነፋስ ተንሳፍፎ የሚቆይ ግላይደር እዚህ 6 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ነፋሱ ሳይደርስ ወርውራችሁ ግላይደራችሁን ከገደሉ ሥር ከቁልቋል መሃል ስትፈልጉ እንዳትውሉ።

እሺ፤ ወደ ነፋሱ ልግባ።

የነፋስ መለኪያ ይኑራችሁ፤ በእጅ የሚያዘው ትንሹ ይበቃል። ከሱ በፊት ግን ክር ያስፈልጋል። ሁለት የቀርከሃ ዘንግ ቁረጡ፤ ጫፋቸው ላይ ግማሽ ሜትር የሱፍ ክር እሰሩ። አንዱን ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ሌላውን 20 ሜትር ወደ ኋላ ትከሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ አምስት ደቂቃ ተመልከቱ። የፊተኛው ክር ተወጥሮ ወደ እናንተ የሚያመለክት ከሆነ ነፋሱ ፊት ለፊት እየመታ ነው። የኋለኛው ምን ያደርጋል? አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴም ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። አየሩ እዚያ እየተገለበጠ ነው ማለት ነው። ግላይደራችሁን እዚያ ለማሳረፍ አስባችሁ ከነበር ክሩ አሁኑኑ ነገራችሁ።

ነፋሱ ተዳፋቱን ቀጥ ብሎ ሲመታ ነው የሚረዳችሁ። በ45 ዲግሪ ገደድ ካለ ወደ ተራራው የሚገፋው 71 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው በጎን ያልፋል። ገደድ ያለ ነፋስ ደግሞ በየሸለቆው አፍ እየተሰበረ ይመጣል። ተዳፋቱ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቢሆን፣ ፊቱ ላይ ትልቅ ዛፍ ባይኖር፣ አፋፉም እንደ ግንብ ጫፍ ስለት ሳይሆን ክብ ቢል ይመረጣል። አፋፉ ስለት ከሆነ አየሩ ጫፉ ላይ ይቆረጥና ከኋላው ይሽከረከራል።

የእኛ አካባቢ ለዚህ የታደለ ነው። ምሥራቁ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ጠዋት ፀሐይ ምሥራቅ ዞር ያለውን ተዳፋት ስታሞቀው አየሩ ተዳፋቱን ይዞ መውጣት ይጀምራል፤ ከረፋዱ እየበረታ ይሄዳል። ሐረጎ ላይ ቆማችሁ ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ፣ ወደ ቦርከና ስታዩ ፊታችሁን የሚመታው ነፋስ ይህ ነው። ጦሳ ከፍ ያለ ነው፣ ግሩም ነው፤ ነገር ግን ወደ ከተማው የዞረው ፊቱ ሥር ቤት አለ፣ ሰው አለ፣ ባሕር ዛፍ አለ። ቤት ባለበት ላይ በሴኮንድ 40 ሜትር የሚሄድ ሁለት ኪሎ ካርቦን አይበርም። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ፈቃድም ሳይያዝ አይወጣም። በሪሞት የሚበር ነገር በአገራችን ፈቃድ የሚጠየቅበት ነው። ከሲቪል አቪዬሽን፣ ከአካባቢው አስተዳደርና ከጸጥታ አካላት ጋር ሳትነጋገሩ አንድም ክንፍ ከቦርሳ አታውጡ። ኮምቦልቻ ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢም ጨርሶ አይታሰብ። ከተፈቀደም በኋላ የገበሬውን ማሳ አትርገጡ፤ እረኛውን አስቀድማችሁ አናግሩት። ነፋሱ በስንት ሰዓት እንደሚገለበጥ ከመለኪያችሁ በፊት የሚያውቀው እሱ ነው።

የደሴን ጉም ማን ይረሳዋል? አፋፉ ላይ ቆማችሁ ሥሩ ነጭ ሲል ካያችሁ ጉሙ እየወጣ ነው። ነፋሱ በሴኮንድ 8 ሜትር ከሆነ 500 ሜትር ርቆ የነበረው ጉም በአንድ ደቂቃ ገደማ እናንተ ጋ ይደርሳል። «አንድ ዙር ብቻ ልጨምር» አይባልም። ያኔውኑ አውርዱት።

አሁን ወደ ግላይደሩ።

ገና የምትጀምሩ ከሆነ ካርቦን አትግዙ። ከ1.5 እስከ 1.8 ሜትር የክንፍ ርዝመት ያለው፣ ተመልሶ በሚለጠጠው ኢፒፒ በሚባለው ፎም የተሠራ ውሰዱ። ድንጋይ ሲመታ ይነጥራል፤ ቢቀደድ በሙጫ ይድናል። እሱን አንድ በጋ ሙሉ ካበረራችሁ በኋላ በቅርጽ የተሠራውን የካርቦንና የፋይበር ግላስ ግላይደር ትይዛላችሁ። ፈጣኑ እሱ ነው። ክንፉ ቀጭን ነው፦ ውፍረቱ ከክንፉ ስፋት፣ ማለትም ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ካለው ርቀት፣ 8 ወይም 9 በመቶ። አርጂ 15 እና ኤምኤች 32 የሚባሉት የታወቁ የክንፍ ቅርጾች ሁለቱም ወደ 9 በመቶ ይጠጋሉ። ቀጭን ክንፍ አየሩን በቀላሉ ይሰነጥቃል፤ ግን ቀስ ሲል አይታገሥም።

እንዲህ ያለው ግላይደር ብዙውን ጊዜ ስድስት ሰርቮ አለው፦ ሁለት ለኤለሮን፣ በክንፉ ጫፍ በኩል ሆኖ ግላይደሩን ወደ ጎን ለሚያጋድለው መቅዘፊያ፤ ሁለት ለፍላፕ፣ በክንፉ ሥር በኩል ላለው መቅዘፊያ፤ ሁለት ደግሞ እንደ ቪ ፊደል ለተከፈተው ጭራ። ጥርሱ ብረት የሆነ፣ ዲጂታል ሰርቮ ይሁን። ለፍላፑ ቢያንስ ከ5 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር በላይ የሚገፋ ምረጡ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በፍጥነት የሚበር ግላይደር ከሚሞትባቸው ምክንያቶች አንዱ እዚህ ነው።

ሰርቮውን ከክንፉ መቅዘፊያ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ አለ። ባትሪውን አብሩና የኤለሮኑን የኋላ ጠርዝ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጣችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት። ጠቅ ጠቅ ይላል? ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ይላወሳል? ከሆነ አይበርም። በጠረጴዛ ላይ እዚህ ግባ የማይባል ላወሳ በፍጥነት ላይ መርገብገብ ይሆናል። መርገብገብ ሲጀምር ከሩቅ ድምፁን ትሰሙታላችሁ፤ እንደ ትልቅ ንብ ይጮሃል። ከዚያ ሰርቮው ጥርሱን ይበላል፣ ወይም መቅዘፊያው ተገንጥሎ ይወጣል። ድምፁን ከሰማችሁ አፍንጫውን በዝግታ ወደ ላይ አንሱና ፍጥነቱን ቀንሱ፤ በድንገት አትሳቡ። ወዲያው አሳርፉና ምክንያቱን ፈልጉ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዘንጉን ከሰርቮው ክንድ ላይ ወደ መሃል በሚቀርበው ቀዳዳ፣ ከመቅዘፊያው ቀንድ ላይ ደግሞ ራቅ ባለው ቀዳዳ እሰሩት። እንዲህ ሲሆን ሰርቮው ሙሉ ጉዞውን ይጠቀማል፣ ኃይሉ ይበዛል፣ ላወሳውም ያንሳል። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርግና ጉዞውን በሪሞት ላይ 40 በመቶ ቆርጦ ያሳንሰዋል። ቁጥሩ ልክ ይመስላል፤ ላወሳው ግን እዚያው አለ።

የመቅዘፊያዎቹ ልክ ስንት ይሁን? ለሁለት ሜትር ግላይደር መነሻ ልስጣችሁ። ኤለሮን ወደ ላይ 18 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ታች 9። ኤሌቬተር፣ ማለትም አፍንጫውን የሚያነሳና የሚያወርደው የጭራ መቅዘፊያ፣ ወደ ሁለቱም 6 ወይም 7። ኤሌቬተር ሲሳብ ፍላፑ አብሮ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይውረድ፤ ይህ በሹል መታጠፊያ ክንፉን ይረዳዋል። ለሩጫ ደግሞ ሙሉው የኋላ ጠርዝ ወደ ላይ ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ይነሳ። ከዚያ በላይ ካነሳችሁ ክንፉ ይበላሻል እንጂ አይፈጥንም።

የሚዛን ነጥብን በተመለከተ፣ ከአማካይ የክንፍ ስፋት በ33 ወይም 35 በመቶ ላይ ጀምሩ። አማካይ ስፋቱ 190 ሚሊ ሜትር ከሆነ 35 በመቶው 66 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአማካዩ ስፋት የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ የሚለካ። ከዚያ በየበረራው ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ታስጠጋላችሁ። በምን ታውቃላችሁ? ከፍ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አስተካክሉት፤ አፍንጫውን 40 ዲግሪ ያህል ቁልቁል አድርጉና የሪሞቱን ስቲክ ልቀቁ። በራሱ ቶሎ ቀና ካለ አፍንጫው ከብዷል። በዚያው መስመር ቢወርድ ወይም እጅግ በዝግታ ቢቀና ልክ ነው። ይበልጥ ቁልቁል ከተደፋ ጭራው ከብዷል፤ ሳትዘገዩ ሳቡና አውርዱት።

ክብደት መጨመር ብዙዎች የሚገረሙበት ነገር ነው። ግላይደር ከባድ ሲሆን ይፈጥናል። አዎ፣ ይፈጥናል! ፍጥነቱ ከክብደቱ ስኩዌር ሩት ጋር ይሄዳል። ክብደቱ 20 በመቶ ቢጨምር ፍጥነቱ 9 ወይም 10 በመቶ ይጨምራል፤ እጥፍ ቢሆን 41 በመቶ። ነፋሱ በሴኮንድ 8 ሜትር ሲደርስ ከ20 እስከ 25 በመቶ መጨመር ይቻላል፤ 12 ሜትር ሲሆን እስከ 50 በመቶ፣ ክንፉ የሚችለው እስከሆነ ድረስ። እነዚህ ለጀማሪ መነሻ ናቸው፤ የራሳችሁን ሠንጠረዥ በደብተር ያዙ። ክብደቱ የሚገባው የሚዛን ነጥቡ ላይ ነው፤ አለበለዚያ በየጊዜው ሚዛኑ ይዛባል። እርሳስ ከጎሚስታ ቤት ይገኛል፤ ለጎማ ሚዛን የሚጠቀሙበት ማለት ነው። ካገኛችሁ ግን የነሐስ ዘንግ ቶርኖ ቤት አስጠርባችሁ ልክ በልክ አድርጉት። ቧንቧው ውስጥ የሚንገጫገጭ ክብደት በመታጠፊያ ላይ መዶሻ ነው።

እዚህ ላይም የጠረፍ ቁጥር ለደሴ አይሠራም። ያንን 1.6 ኪሎ ግላይደር 2.2 ኪሎ አድርጋችሁ ከጫናችሁት ደሴ ላይ ስቶል የሚያደርገው በሴኮንድ 11 ሜትር፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነው። ማሳረፊያችሁ ያንን ይችላል? ካልቻለ አትጫኑት።

ስለ ባትሪና ስለ ሬድዮ ባጭሩ። ካርቦን የሬድዮ ሞገድ ያግዳል። የሪሲቨሩ ሁለት አንቴናዎች እርስ በርስ በ90 ዲግሪ ሆነው ካርቦን በሌለበት፣ በፋይበር ግላስ ወይም በኬቭላር አፍንጫ ውስጥ ይቀመጡ፤ አፍንጫውም ካርቦን ከሆነ ጫፋቸው ወደ ውጭ ይውጣ። ሪሞቱን በአነስተኛ ኃይል መሞከሪያው ላይ አድርጋችሁ 30 እርምጃ ራቁ፤ ሁሉም መቅዘፊያ ሳይንቀጠቀጥ ይታዘዝ። ሲግናል ቢጠፋ ፍሬኑ እንዲወጣ፣ ማለትም ፍላፑ እንዲወርድና ኤለሮኑ እንዲነሳ አድርጋችሁ አዘጋጁ፤ ሪሲቨሩ ከመጨረሻው ትእዛዝ ጋር ተጣብቆ እንዳይቀር። ባትሪው በጠዋት ብርድ ይደክማል፤ በደሴ ጠዋት ሰላም የመሰለው ቮልቴጅ ስድስቱም ሰርቮ በአንድ ጊዜ ሲጎትቱት ይወርዳል። ስድስቱንም እያንቀሳቀሳችሁ ለኩት።

ፀሐይም ጠላት ናት። ጥቁር ካርቦን በቀትር ፀሐይ ላይ ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ ከተተወ ኢፖክሲው ይለሰልስና ክንፉ ይጣመማል። ጋቢ ወይም ነጭ ጨርቅ አልብሱት።

እስኪ ወደ በረራው እንሂድ።

ከመወርወር በፊት በሪሞቱ ላይ የተመረጠው የግላይደር ስም የያዛችሁት ግላይደር ነው? ይህን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አንድ ጊዜ አንድ ጎበዝ ልጅ ሁለት ግላይደር ይዞ ወጣ። ሪሞቱ ላይ የተመረጠው የፎሙ ነበር፤ የወረወረው ግን ካርቦኑን። ኤለሮኑ ተገለበጠ። በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ክንፉ ድንጋዩ ላይ ነበር። ሁለት ሴኮንድ! ለዚህ ነው ወርዋሪው ሳይለቅ ከኋላ ቆሞ «ቀኝ» ሲባል የቀኙ ኤለሮን ወደ ላይ መነሳቱን፣ «ሳብ» ሲባል ጭራው ወደ ላይ መነሳቱን በዓይኑ አይቶ «ልክ ነው» የሚለው። ይህ ቃል ሳይነገር ማንም እጁን አይለቅም።

ሲወረወር ክንፉ ቀጥ ይበል፣ አፍንጫው ትንሽ ቁልቁል ይይ፣ አቅጣጫው ነፋሱን ፊት ለፊት። ወደ ላይ አትወርውሩት። በስስ አየር ላይ ግላይደሩ ከእጅ ሲወጣ ፍጥነት ገና ይቀረዋል፤ ገደሉ ደግሞ ቁልቁል ቦታ ሰጥቶታል። ይውረድ፣ ፍጥነት ይያዝ፣ ከዚያ ይቃናል።

አየር ላይ ከሆነ በኋላ መታጠፍ ሁልጊዜ ከተራራው ወደ ውጭ ነው። ሁልጊዜ! ወደ ተራራው የታጠፈ ግላይደር ነፋሱ ከኋላው ገብቶ ይገፋዋል፤ ፍጥነቱ ትክክል ይመስላችኋል፣ ክንፉ ግን አየር አጥቷል። ሁለት ሰው ሆናችሁ ስትበሩ ፊት ለፊት ብትገናኙ፣ ተራራው በቀኙ የሆነው ቅድሚያ አለው። ምክንያቱም ወደ ቀኝ መሸሽ አይችልም። ሌላው ወደ ውጭ ይውጣለት።

ፍጥነት እንዴት ይገኛል? መጀመሪያ ከአፋፉ ፊት ለፊት ወጣ ብላችሁ ከፍታ ሰብስቡ። ያ ከፍታ የባንክ ደብተራችሁ ነው። 60 ሜትር ቁልቁል ብትወርዱ፣ የአየሩ መጎተት ባይኖር፣ በሴኮንድ 34 ሜትር፣ በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ታገኛላችሁ። አየሩ ጥቂቱን ይበላዋል፤ ነፋሱ ደግሞ ይመልሰዋል። ከዚያ አፋፉን ይዛችሁ ትሮጣላችሁ፣ ጫፍ ላይ ክንፉን አጋድማችሁ ስባችሁ ትመለሳላችሁ። መታጠፊያው ላይ ነው ጎበዝና ሰነፍ የሚለየው። አጥብቆ የሳበ ፍጥነቱን እዚያው ይጥላል፤ ሰፋ ያደረገ መንገድ ያስረዝማል። ስቲኩን ትንሽ የሚነካ እጅ ይፈጥናል፤ መቅዘፊያው በተነሳ ቁጥር ፍሬን ነውና።

መታጠፊያው ክንፉ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚጭን ታውቃላችሁ? በሴኮንድ 40 ሜትር የሚሄድ ግላይደር በ20 ሜትር ራዲየስ ቢታጠፍ ከመሬት ስበት ስምንት እጥፍ ያርፍበታል። ሁለት ኪሎ የነበረው አሥራ ስድስት ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱን ክንፎች የሚያያይዘው ዘንግ ላይ ጭረት ካለ እዚያ ነው የሚነግራችሁ።

ይህ ስፖርት ውድድርም አለው። ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ኤፍ3ኤፍ ብሎ በሚጠራው ዘርፍ ግላይደሩ በሁለት መስመሮች መካከል ያለውን 100 ሜትር አሥር ጊዜ ይመላለሳል፤ በጠቅላላው አንድ ኪሎ ሜትር። አንድ በአንድ ይበራሉ፣ ሰዓት ይያዛል። ክብደቱ ከ5 ኪሎ አይበልጥም፤ ነፋሱም በሴኮንድ ከ3 እስከ 25 ሜትር ባለው ውስጥ ሲሆን ነው የሚወዳደሩት። እኛም 100 ሜትር በሜትር ለክተን ሁለት ባንዲራ መትከል አያቅተንም።

ከተራራው ጀርባ ስለሚደረገው በረራ ትጠይቁኛላችሁ፤ ቪዲዮውን አይታችኋልና። በፈጣኑ ነፋስና ከተራራው ጀርባ ባለው ከነፋስ የተከለለ አየር መካከል እየዞሩ ፍጥነት ማጠራቀም ነው። የወፎችን እንዲህ ያለ በረራ ሎርድ ሬይሊ የሚባለው የእንግሊዝ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1883 ጽፎበታል፤ አልባትሮስ ውቅያኖስን የሚያቋርጠውም በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ስፔንሰር ሊዘንቢ የሚባል አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ በዚህ መንገድ በሰዓት 882 ኪሎ ሜትር አስመዝግቧል፤ ያለ ሞተር! ደስ ይላል። እናንተ ግን አትሞክሩት። ያ ግላይደር ለዚያ ብቻ የተሠራ ነው፣ ቦታውም ሰው የማይደርስበት ነው።

አሁን ማሳረፍ። እባካችሁ ጆሯችሁን ስጡኝ።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይባላል አይደል? ማሳረፊያው የሚመረጠው ከመወርወር በፊት ነው። በእግራችሁ ሂዱበት። ድንጋይ አለ? ጉድጓድ አለ? እርከን አለ? የወሎ ተራራ እርከን የሌለው ጥቂት ነው። እርከን አፈር ያድናል፣ ተመስገን፤ ለግላይደር ግን የድንጋይ ደረጃ ነው። እርከኑን አቋርጣችሁ ካሳረፋችሁ አፍንጫው ከካቡ ጋር ይጋጫል። እርከኑን ተከትላችሁ፣ በሁለቱ ካቦች መካከል ባለው ሣር ላይ፣ በርዝመቱ አሳርፉ።

ከአፋፉ ጀርባ ያለው ሜዳ ዓይን ይስባል፤ ለጥ ያለ ነው፣ ለስላሳ ነው። ያ ሁለተኛው ክር ምን ነበር ያላችሁ? አየሩ እዚያ ይገለበጣል። ግላይደሩ አፋፉን አልፎ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ሳለ በድንገት እንደ ድንጋይ ይወድቃል፤ ስቲክ ብትስቡም አይሰማም። ስለዚህ ወይ ከአፋፉ እጅግ ርቃችሁ፣ ክሩ ቀጥ ብሎ በሚቆምበት ቦታ፣ ወይም በተራራው ትከሻ፣ ነፋሱ ሳይሰበር በሚያልፍበት ጎን አሳርፉ።

ፍሬኑ እንዲህ ነው፦ ሁለቱ ፍላፖች ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ይወርዳሉ፤ ሁለቱ ኤለሮኖች 15 ሚሊ ሜትር ይነሳሉ። ይህ ሲሆን አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል፤ ስለዚህ ኤሌቬተሩ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር በራሱ እንዲወርድ ሪሞቱ ላይ ታስተካክላላችሁ። ይህን ማስተካከያ የምትሞክሩት ከፍታ ላይ ነው፣ 80 ወይም 100 ሜትር ላይ። መሬት ሲቀርብ አይሞከርም። ፍሬኑ በስሮትል ስቲክ ላይ ይሁን፤ እንደ ቧንቧ በጥቂት በጥቂቱ ይከፈታል፣ በጥቂት በጥቂቱ ይዘጋል።

አቀራረቡ ረዘም ይበል። በጠረፍ 30 ሜትር ሲቀረው ፍሬን የሚከፈት ከሆነ እዚህ 45 ሜትር አድርጉት። ነፋሱ ከኋላ እያለ ግላይደሩ ሲጋልብ አትደንግጡ፤ «ፈጠነ» ብላችሁ አፍንጫውን ካነሳችሁ እዚያው ስቶል ነው። ፍጥነቱን ጠብቁ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት አድርጉት፣ ከዚያ ፍሬን። የመጨረሻው አንድ ሜትር ላይ ፍላፑን መልሱ፤ ወርዶ የተዘረጋ ፍላፕ መሬት ሲመታ የሰርቮውን ጥርስ ይበላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የማይመች ከመሰላችሁ ተዉት፣ ወጣ በሉ፣ ዞራችሁ ተመለሱ። ሳታሳርፉ መመለስ ነውር አይደለም። ነፋሱ አለ፤ ነዳጅ አያልቅባችሁም።

ካረፈ በኋላም ሥራ አለ። በጣም ቀስ ብሎ ቢያርፍ እንኳ የአንድ ብር ሳንቲም አውጡና በጠርዙ ክንፉን ከሥር እስከ ጫፍ በየሁለት ሴንቲ ሜትሩ ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ደህናው ክንፍ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ በአንድ ቦታ ድፍን ብሎ ከተሰማ እዚያ ውስጡ ተላቋል፤ ውጭው ግን እንደ መስታወት ያበራል። ዓይን አያየውም፣ ጆሮ ይሰማዋል። ያንን ቦታ በእርሳስ ክበቡት። በሚቀጥለው 8 እጥፍ መታጠፊያ ክንፉ መሰበር የሚጀምረው ከዚያች ክብ ነው።

እሺ ልጆች፣ ከዚህ በላይ በወሬ አይሆንም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ክንፍ ተዘርግቷል። አንዱ ደህና ነው፣ አንዱ አንድ ቦታ ላይ ውስጡ ተላቋል፤ የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም። ሳንቲም ያላችሁ አውጡ፣ የሌላችሁ ከጎረቤት ተበደሩ፤ በሦስት በሦስት ሆናችሁ ኑ። ኤለሮኑንም በሁለት ጣት ቆንጥጡት። አባቶችም ኑ፣ እናቶችም ኑ።